ከፈረንሳይኛው መደርደሪያ ጀርባ

ፈንታነሽ ተንበርክካ የእንስሳት ሕክምና መጻሕፍቱን አንድ በአንድ ወደ ፊት እየጎተተች ከኋላቸው ታያለች። የከብት በሽታ፣ የዶሮ በሽታ፣ የንብ በሽታ፤ የምድር በሽታ ሁሉ እዚህ ተሰብስቧል፣ እሷ የምትፈልገው የገብስ መጽሐፍ ግን የለም። ጠዋት ኮምፒዩተሩ "አለ" ብሏታል። አንድ ቅጂ፣ መደርደሪያ ላይ። ኮምፒዩተር ምን ዕዳ አለበት፣ ይላል እንጂ!

መጽሐፉ ጉና ተራራ ግርጌ የሚዘሩትን የድሮ ገብሶች አንድ ሰው በእግሩ ዞሮ ያጠናበት ነው። ስለ እነዚያ ገብሶች ሌላ የተጻፈ ነገር ብትፈልግ ብትፈልግ አጣች፤ ኢንተርኔቱም ርዕሱን አሳይቶ ውስጡን ይከለክላል። አማካሪዋ መምህር ዓለምነው ቁርጡን ነግረዋታል፤ ነገ ጠዋት ከዚያ መጽሐፍ ያልጠቀሰ የመመረቂያ ጽሑፍ ይዛ ብትመጣ አይቀበሏትም፣ ምረቃዋም ለከርሞ ነው። ለሌላው ልጅ ከርሞ ምንም አይደል። ቤሩት የሰው ቤት ስትጠርግ ኖራ ዘንድሮ ከታናናሾቿ ጋር ለምትማር ሴት ግን ሩቅ ነው። ዘመዶቿ ደብረ ታቦር በመጡ ቁጥር "ካልሆነልሽ ወደዚያው ተመለሺ" ማለት ጀምረዋል። አትመለስም። ብትሞት አትመለስም!

የቤተ መጻሕፍቱ ኃላፊ እትዬ አሰለፈች፣ ተማሪ ቀብሮት ይሆናል፣ አትድከሚ ብለዋታል። መቅበር እዚህ ቤት የታወቀ ሙያ ነው። የመመረቂያ ጽሑፍ ሲደርስ ብልጥ ነኝ ባዩ አንድ ለእናቱ የሆነውንና በውሰት የማይወጣውን መጽሐፍ ከቦታው ያነሣና ማንም በማይደርስበት መደርደሪያ ይሸጉጠዋል። ከዚያ ቀን በቀን እየመጣ ብቻውን ያነባል። ስልክና ቦርሳ በር ላይ ስለሚቀር ፎቶ አንስቶ መገላገል የለም። ሌብነት ነው ብትለው ይቆጣል፤ ከግቢ አልወጣማ።

ቤሩት ማዳሟ ፓስፖርቷን ሁለት ዓመት ደብቃባት ነበር። የት ነው ስትላት መልሷ ያው "አለ" ነው፣ ልክ እንደ ኮምፒዩተሩ። አለ የተባለን ነገር አለማየት እንዴት እንደሚያንገበግብ ፈንታነሽ ታውቀዋለች።

አቧራዋን አራግፋ ትነሣና ወደ ኃላፊዋ ትሄዳለች። ተማሪ ጨርሶ የማይነካው መደርደሪያ የትኛው እንደሆነ ትጠይቃቸዋለች። እትዬ አሰለፈች ይስቃሉ። ፈረንሳይኛው ነዋ፤ ከተለገሰን ጀምሮ የጠየቀን የለም ይሏታል።

የፈረንሳይኛው መደርደሪያ ጥጉ ላይ ነው። አቧራው በጣት ያስጽፋል። ከታችኛው ረድፍ ላይ ግን አንድ መዳፍ የምታህል ቦታ ከአቧራ ጠርታለች። ከማዳም ቀድሞ አቧራ ማየት የለመደ ዓይን ይህን አያልፍም። እጇን ከመጻሕፍቱ ጀርባ ትሰዳለች፤ አረንጓዴ ልባስ ያለው ቀጭን መጽሐፍ ይዛ ትወጣለች። ደስ ሊላት ሲገባ ትናደዳለች።

ቀና ስትል ደሳለው ወረቀትና እስክሪብቶውን ይዞ ከፊቷ ቆሟል። ከክፍላቸው በውጤት አንደኛው ነው። ፈረንሳይኛ እንደማያነብ ደግሞ ሁለቱም ያውቃሉ። ለአፍታ ያፍራል፣ ከዚያ ቁጢጥ ይልና ድምፁን ዝቅ ያደርጋል።

"እህት ዓለም፣ ካገኘሽው አንጣላ። ዛሬ እስኪዘጋ አንብቢው፣ ስትጨርሺ እዚሁ መልሺው። ሌላው ምን አገባው? ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል።"

እውነት ለመናገር ልቧ ይከጅላል። እስኪዘጋ ብታነብ ጽሑፏ ያልቃል፣ ነገም ትገላገላለች። ከይፋግ የመጣችውን የክፍሏን ልጅ ትዝታን ግን ትናንት በዚሁ መጽሐፍ ምክንያት በር ላይ ስታለቅስ አይታታለች። ሌሎችም እየፈለጉት ነው።

"እኔ ላይ ስንት ጊዜ ተደብቆብኛል" ትለዋለች። ምን እንደተደበቀባት አይገባውም፤ እሷም አታስረዳውም።

መጽሐፉን በኃላፊዋ ጠረጴዛ ላይ ታሳርፍና ሪዘርቭ ያስገቡልኝ ትላቸዋለች። እትዬ አሰለፈች መጽሐፉን አይተው ወደ ግድግዳው ሰዓት ይዞራሉ።

"ልጄ፣ ሪዘርቭ ከገባ እዚሁ በተራ ነው የሚነበበው፤ ለአንድ ሰው አንድ ሰዓት፣ ሁለት ሆኖ ማንበብም የለም። የምታስረክቢው ነገ አይደል እንዴ?"

"በተራ ይሁን፣ እትዬ።"

ከዚያ ወደ አዳራሹ ዞራ፣ ጸጥታ የሚለው ማስታወቂያ ሥር ቆማ፣ የገብሱ መጽሐፍ ተገኝቷል፣ የሚፈልግ ይምጣ ስትል ድምጿ እስከ ጣሪያው ይሰማል። ወንበር ይንቋቋል። ትዝታ መታወቂያዋን ይዛ ቀድማ ትደርሳለች፤ ሁለት ልጆች ይከተላሉ። ፈንታነሽ በር ላይ የተወችውን መታወቂያ አምጥታ ስትመለስ አራተኛ ሆናለች። ለመዝጊያው የቀረው ሦስት ሰዓት ነው።

ደሳለው መጥቶ ከኋላዋ ይሰለፋል። ወደ ጆሮዋም ጠጋ ይላል።

"ተራሽ ሳይደርስ ይዘጋል እኮ።"

"ይዘጋ" ትለዋለች፣ ዞር ሳትል። አገጯ ቀና ብሏል።

ትዝታ መጽሐፉን ይዛ ረጅሙ ጠረጴዛ ጋ ትቀመጣለች። ገልጣ ሁለት መስመር ያህል ታነባለች። ከዚያ ቀና ብላ ሰልፉ ውስጥ ፈንታነሽን ትፈልጋታለች፣ ታገኛታለች። እትዬ አሰለፈች ወዲያው እንዳላየ ሰው ፊታቸውን ወደ መስኮቱ ያዞራሉ። ትዝታ መጽሐፉን ወደ ጠረጴዛው መሐል ገፋ ታደርግና አጠገቧ ያለውን ባዶ ወንበር በእግሯ ስባ ታወጣዋለች።