አንድ እጅ ሲጎድል

በገዴራ ከተማ ምክር ቤት አዳራሽ ሰብሳቢው በዕብራይስጥ «የሚደግፍ እጁን ያንሳ» አሉ። ያለደመወዝ ልታገለግል የተመረጠችው አዲሷ አባል ወንበሯ ላይ ከተቀመጠች ገና አንድ ሰዓቷ ነበር። አውቶቡሱ በሰፈራቸው አልፎ እስከ ክሊኒኩ እንዲደርስ የጠየቀችው ራሷ ነበረች፤ አምስት እጅ ተነሣ፣ የጎደለው የእሷ ብቻ ሆነ።

ከኋላዋ የሰፈሯ ሽማግሌዎች በትራቸውን ይዘው ይመለከቱ ነበር። በእነሱ ፊት ተቀምጦ እጅ ማውጣት ነውር ሆነባትና ብድግ ብላ አነሣችው።

«ቤሰደር፣ እሺ፣ ቁጭ ብለሽም ይቆጠራል» አሉ ሰብሳቢው እየሳቁ። «ጸድቋል።»

ልትቀመጥ ዞር ስትል ሽማግሌዎቹ ሁሉ በትራቸውን ተደግፈው ቆመውላታል።

«ኖር» አሏት።

ዕድሜዋን ሙሉ ለእነሱ እየተነሣች «ኖር» ባይዋ እሷ ነበረች። መልሱን የምታውቀው ከእነሱ አፍ ብቻ ነው።

«በእግዜር» አለች። እጇ ገና አልወረደም ነበር።