ያልተመታው ሚስማር

ደምሰው ከታናሽ ወንድሙ ጋር በውርስ ተጣልቶ ግቢውን ለሁለት ከፈለና በቆርቆሮ አሳጠረው። አጥሩ ባለቀ በሳምንቱ፣ ጠዋት በመዳፉ እየገፋ ሲፈትሽ፣ ከጓሮ በኩል አንዱ ቆርቆሮ እንደ መጋረጃ ወደ ጎን ሸሸ። የያዘው አንድ ሚስማር ብቻ ነው።

አናጢውን አስጠርቶ አፈጠጠበት።

«ይሄ ሥራ ነው? ያ ሰውዬ ሾልኮ ቢገባብኝስ?»

«ሚስማር አልቆብኝ ነው፣ ጋሼ» አለ አናጢው አቀርቅሮ።

«አትዋሽ! እሱ ነው አይደል እንዲህ አድርግ ያለህ?»

«እሳቸውስ አይደሉም።»

ደምሰው መዶሻውን ከእጁ ነጠቀው። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት ሚስማር መታ። አራተኛውን ሊመታ ሲል ከአጥሩ ማዶ፣ ከወንድሙ ግቢ፣ የገዛ ሚስቱ ድምፅ ተሰማ።

«ኧረ ቆይ! እኔ ሳልገባ ልትዘጋው ነው እንዴ?»

ደምሰው መዶሻውን እንዳነሳ ቀረ።

«እዚያ ምን ትሠሪያለሽ?»

«ወንድምህ ታሞ ከተኛ ሦስት ቀኑ ነው። ውኃ እንኳ የሚያቀብለው ሰው የለም።»

 ደምሰው ወደ አናጢው ዞረ።

«የሚስማር መንቀያ ጉጠቱን አምጣልኝ» አለው።