የባየሽ ተቀባይ

ድሮ ጊንጪ ላይ አውቶቡስ ስትጠብቅ፣ ሁለት ሽማግሌዎች «መዝሙር መምራት ይከብዳል ወይስ መቀበል?» እያሉ ሲሟገቱ ሰምታ ነበር፤ ማን እንደረታ ግን መቲ አታስታውስም። ዛሬ አምቦ፣ ግድግዳው በስፖንጅ በተለበጠ ጠባብ ስቱዲዮ ውስጥ ማዳመጫ ጆሮዋ ላይ አድርጋ ስትቆም፣ ያ ሙግት እንደ ሕልም መጣባት። ዕድሜዋን ሙሉ የታላቅ እህቷን የባየሽን መዝሙር ስትቀበል ኖራለች። የባየሽ ድምፅ ግን ከጉሮሮ ሕመሟ ወዲህ ሻከረ፤ መዝሙሮቿ ሳይቀረጹ እንዳይጠፉ በእሷ ፈንታ እንድትዘምር መቲን ይዛት መጣች። ሙዚቃው ተለቀቀ። መቲ ዐይኗን ጨፍና ጠበቀች። ሙዚቃው እንደ ወንጪ ሐይቅ ጉም በዙሪያዋ ተንሳፈፈና አለቀ።

«አንቺ፣ አንቀላፋሽ እንዴ?» አለች ባየሽ።

«አንቺ እስክትጀምሪ ነዋ!»

ድምፅ ቀጂው ለሊሳ ሳቀ። «አዴ መቲ፣ መጀመሪያ እርስዎ ይምሩ። ከዚያ መልሰው ራስዎን ይቀበላሉ፤ ኮምፒውተሩ ያገጣጥመዋል።»

«ራሴን? እንደ እብድ?» መቲ ማዳመጫውን አወለቀች። «የሚቀበለኝ ሰው ሳይኖር አልዘምርም። እንሂድ።»

ባየሽ ከታመመች ወዲህ አንድ ስንኝ እንኳ ከአፏ ወጥቶ አያውቅም። አንገቷ ላይ የጠመጠመችውን ሻርፕ በጣቶቿ ስታሻሽ ቆየች። ከዚያ ቀስ ብላ ፈታችው፤ ተነሥታም ከእህቷ ጎን ቆመች።

«እሺ፣ አንቺ ምሪ» አለች በዚያ በሻከረ ድምጿ፤ «እኔ እቀበልሻለሁ።»