ጾም የማይገድፉት ደም መጣጭ

ጋሽ ይርዳው ደም መጣጭ መሆናቸውን ሰፈሩ ሁሉ ያውቃል። የጎረቤቱን ግማሽ መጥጠው ጨርሰዋል፤ ለቅሶ ላይ ግን አንድም ቀን ቀርተው አያውቁም። ደግሞ ጾም አይገድፉም፤ ረቡዕና ዓርብ ጠብታ ደም በአፋቸው አይዞርም።

ይህን ያወቀች አንዲት የሰባተኛ ክፍል ተማሪ ታዲያ ፍዳቸውን ታበላቸዋለች። በሌላው ቀን ነጭ ሽንኩርት አንገቷ ላይ አንጠልጥላ በሩጫ የምታልፈው ልጅ፣ ረቡዕና ዓርብ ሲሆን ጸጉሯን ወደ ላይ ጠቅልላ፣ ጥቁር ጃንጥላቸውን ዘርግተው ከሚቀመጡበት ደጃፍ ትቆማለች። አንገቷን አስግጋ «ጋሼ፣ ትንሽ አይቀምሱም?» ትላቸዋለች። አንዴማ ጣቷን በመርፌ ወግታ ፊታቸው መጠጠችው። ሽማግሌው ምራቃቸውን እየዋጡ «የእጅሽን ይስጥሽ!» ከማለት ሌላ አቅም አልነበራቸውም።

ፋሲካ ባለፈ በመጀመሪያው ረቡዕ እንደ ልማዷ መጣች። አንገቷንም እስከ አፍንጫቸው አስጠጋችው።

«ጋሼ፣ ትንሽ አይቀምሱም?»

«ምሳሽን ምን በላሽ፣ የኔ ልጅ?» አሉ በለሰለሰ ድምፅ።

«የበዓሉን ዶሮ ወጥ። እማዬ አሙቃልኝ...»

እጇን ወደ አንገቷ ሰደደች፤ ነጭ ሽንኩርቱ የለም። በረቡዕ ቀን ዶሮ በልታለች።

«አዎ፣ በበዓለ ሃምሳ ረቡዕና ዓርብም አይጾምም» አሉ ጋሽ ይርዳው፣ ጃንጥላቸውን ቀስ ብለው እያጠፉ።

በማግስቱ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ከለቅሶው ድንኳን ቀድመው የደረሱት እሳቸው ነበሩ። ንፍሮ ሲያቀርቡላቸው ግን ሆዳቸውን እያሻሹ «እግዜር ይስጥልኝ፣ ጠግቤያለሁ» አሉ።