ምራትየዋ ለምን «አትምጡ» አለች?

«አትምጡ።»

ምራትየዋ፣ የታላቁ ልጅ ሚስት፣ ይህችን ብቻ አለች… ስልኩ ተዘጋ።

ስልኩ ስፒከር ላይ ስለነበር ቤተሰቡ ሁሉ ሰማ።

«ሰማችሁ? ምቀኛ!» አለች የታናሹ ልጅ ሚስት። «እሷ በነፃ ቤት ተንደላቃ እየኖረች እኛ እዚህ እንታሽ?»

ሽማግሌው አባት ምንም አላሉም። ድሮም ቃል ቆጣቢ ናቸው።

ሁለት ወንዶች ልጆች አሏቸው። ሁለቱንም ብየዳ ያስተማሩት ራሳቸው ናቸው።

ታላቁ ጋዝ የሚወጣባት አንዲት ትንሽ ከተማ ሄዶ የቱቦ በያጅ ሆነ።

ታናሹ የአባቱን ብየዳ ቤት ይዞ ቀረ… መብራት ሲመጣ ይሠራል፣ ሲጠፋ በሩ ላይ ተቀምጦ አላፊ አግዳሚውን ይቆጥራል።

ሰሞኑን ታላቁ መደወል አብዝቷል።

«ወንድሜ፣ ምን ይዞህ ነው እዚያ የምትበሰብሰው? እዚህ ቤት በነፃ፣ ውሃ በነፃ፣ መብራት ለአፍታ አይጠፋ። እኔ ራሴ ነግሬልሃለሁ፣ እየጠበቁህ ነው።»

ታናሹን የሚያስፈራው አንድ ነገር ብቻ ነው። ትንሿ ልጁ አስም አለባት።

«አየሩስ ጋሼ?»

«አየሩማ… እንዲያውም እዚህ ስትመጣ ይለቃታል።»

ምራትየዋ «አትምጡ» ካለች በኋላም ወዲያው መልሶ ደወለ።

«አትስሟት። እሷ ዘመድ ሊመጣ ነው ሲባል ሆዷን ያማታል።»

ሁሉም ሳቁ። አባት አልሳቁም፤ ግን «ተዉአት»ም አላሉም።

ታናሹ ለብየዳ ማሽኑ ገዢ አግኝቶ ነበር። አባት ግን «ቆይ፣ መጀመሪያ በዓይኔ ልየው» አሉ።

አባትና ልጅ አውቶቡስ ተሳፈሩ።

ታላቁ መናኸሪያ ድረስ መጣ። አቀፈ፣ ሳመ፣ ሻንጣ ተቀበለ… አፉ ማር ነው።

ቤቱም እውነትም ቤት ነው። ሰፊ። ቧንቧው ሲከፈት ይንፎለፎላል። አምፖሉ በጠራራ ፀሐይ ይበራል፣ የሚያጠፋው የለም።

የአባት ዓይን ግን ሳሎኑ ውስጥ ከግድግዳ ግድግዳ የተወጠረ ገመድ ላይ ቀረ። የታጠበ ልብስ ተሰጥቶበታል።

«ውጭ ፀሐይ እያለ?»

«ውጭ የተሰጣ አንሶላ የሚቃጠለውን ጋዝ ጥቀርሻ ለብሶ ነው የሚገባው አባባ» አለች ምራትየዋ፣ ቀና ሳትል።

«ስንፍና ሰበብ አያጣም» አለና ሳቀ ባልየው።

ይሄኔ ከመኝታ ቤት ሳል ተሰማ።

የልጅ ሳል… መጨረሻው ላይ የሚያፏጭ።

አባት ይህን ሳል ያውቁታል። ቤታቸው ያለችው የልጅ ልጃቸው የምትስለው እንዲህ ነው።

ተነስተው በሩን ከፈቱ።

የታላቁ ልጅ፣ ሕፃኑ፣ የሚነፋውን መድኃኒት አፉ ላይ ይዞ አልጋው ላይ ተቀምጧል። ዙሪያውን በገመድ የታሰሩ ካርቶኖች ተደርድረዋል።

«ወዴት ልትሄዱ ነው?»

«ኧረ የቆየ ዕቃ ነው አባዬ…»

«ንገራቸው» አለች ምራትየዋ።

«አንቺ ዝም በይ።»

«ያን ቀንም ስልኩን ከእጄ ነጥቀህ ዝም አሰኘኸኝ። ዛሬ ግን ፊቴ ቆመዋል።»

ወደ አማቷ ዞረች።

«ልጁ ከታመመ ጀምሮ ዝውውር ጠይቋል አባባ። ድርጅቱ ደግሞ ‹ተተኪ በያጅ ሳታመጣ ንቅንቅ አትልም› ብሎታል። ያልለመነው ሰው የለም። ከተማዋን የሚያውቅ ሁሉ እምቢ አለው። የቀረው…»

ዓይኗ ታናሹ ላይ አረፈ። መጨረስ አላስፈለጋትም።

ታናሹ ለመጀመሪያ ጊዜ «ጋሼ» አላለውም።

«የልጄን ነገር እያወቅክ?»

«ታዲያ የኔ ልጅ እዚህ ታፍኖ ይቅር? ያንተዋ ሕመሙ ገና አልጠናባት ይሆናል… ደግሞ ክሊኒኩም በነፃ ነው።»

ክሊኒኩም በነፃ ነው…

እስቲ ፍረዱ። የራሱን ልጅ ከእሳት ለማውጣት የወንድሙን ልጅ ሊማግድ፣ ያውም እየሳቀ፣ ያውም ሻንጣ እየተሸከመ።

አባት ታላቁን ቆመው አዩት።

«እኔ የወለድኩልህ ወንድም ነው» አሉት። «መሰላል አይደለም።»

ከዚያ ወደ ምራታቸው ዞሩ።

«መውጫሽን በገዛ እጅሽ ዘጋሽው ልጄ። ታውቂያለሽ?»

«አውቃለሁ አባባ። ግን የዚያችን ልጅ ሳል እዚህ አስቀርቼ… የትኛው ከተማ ሄጄ እንቅልፍ ይወስደኛል?»

ሽማግሌው አንገታቸውን ደፉ። ስሟ ሲብጠለጠል ዝም ብለው የሰሙት ሁሉ ታወሳቸው።

ቀና ሲሉ ካርቶኖቹን አዩ።

«ዕቃው እንደሆነ ታስሯል» አሉ ቀስ ብለው። «አንቺና ልጁ ከኛ ጋ ትሄዳላችሁ። እሱ ተተኪውን እዚሁ ይጠብቅ። መብራት እንደሆነ አይጠፋበት።»

ታናሹ አንዱን ካርቶን ትከሻው ላይ አወጣ።

ቤት ሲደርሱ በር የከፈተችው ያቺው «ምቀኛ» ያለቻት የታናሹ ሚስት ነበረች።

ካርቶኖቹን አየች። የሕፃኑን ሳል ሰማች። ነገሩ ሲነገራት እጇን አፏ ላይ ጫነች… ከዚያ ልጁን ከእናቱ ጀርባ ተቀብላ አቀፈችው።

ግቢው ውስጥ ነጭ አንሶላ ፀሐይ ላይ ተሰጥቶ ነበር። ምራትየዋ ቆማ እሱን ብቻ ታያለች።

ወገኖቼ…

«ና» ያለህ ሁሉ ወዳጅህ አይደለም። «አትምጣ» ያለህም ሁሉ አልመቀኘህም።

ሁሉ ነገር በነፃ ነው ወደሚሏችሁ ከተማ ጓዛችሁን ከመጫናችሁ በፊት፣ እዚያ የሚኖሩት ልብሳቸውን የት እንደሚያሰጡ እዩ።

«ሌላ ሰው ካላስገባህ አትወጣም» የሚል ሕግ ያወጣውን አለቃ ደግሞ… ከነልጆቹ እዚያው ያኑረው እንጂ ሌላ ምን ይባላል።

እስቲ እውነቱን ተናገሩ… በምራትየዋ ቦታ ብትሆኑ፣ የገዛ ልጃችሁ መውጫ እንደሚዘጋ እያወቃችሁ አፋችሁን ትከፍቱ ነበር? ወይስ እናንተም ካርቶናችሁን አስራችሁ ዝም ትሉ ነበር?