በሰው ፊት

በወገዳ ከተማ ገበያ ዳር ባለችው የሹክሪያ ሻይ ቤት፣ ስለ ትዳር የሚያወራው አስቂኝ የቴሌቪዥን ድራማ ሲጀምር ክርክሩም አብሮ ይጀምር ነበር። ያን ቀን የድራማው ባል በእንግዶች ፊት የሰደባትን ሚስቱን፣ እነዚያኑ እንግዶች መልሶ ጠርቶ ይቅርታ ጠየቃት።

«ሃያሲዎቹ በሬዲዮ ‹ውሸት ነው› ያሉት እውነታቸውን ነው» አለ መምህር እንዳለ። «የትኛው ባል ነው በሰው ፊት ይቅርታ የሚጠይቅ?»

«እነሱ ምን ያውቃሉ! እኛ እየሳቅን የምናለቅሰው በከንቱ ነው?» አለች ሽንኩርት ሻጯ ውዴ።

ሹክሪያ ብርጭቆ ታጥብ ነበር። ባሏ ሀሰን በወንድሞቹ ፊት «አንቺ ደግሞ ምን ታውቂያለሽ!» ብሎ ካዋረዳት ወዲህ አላነጋገረችውም። በማግስቱ አርብ ገበያ ከተማ ወዳለው ወንድሟ ቤት ልትሄድ ቆርጣ ነበር።

ሀሰን ከሰዓት በኋላ ከአሱር ሶላት ሲመለስ በሩ ላይ ቆመ። መምህሩ አየውና «እስቲ አንተ ፍረድ፤ እንደ ድራማው ባል ሚስትህን በሰው ፊት ይቅርታ ትጠይቃለህ? እንዲህ ታደርጋለህ?» አለው። ሀሰን ድራማውን ሲያጣጥል የኖረ ሰው ነውና፣ ሁሉም መልሱን ያወቁት መሰላቸው።

«አላደረግሁም» አለ ሀሰን። ዓይኑ ቴሌቪዥኑ ላይ አልነበረም። «ማድረግ ግን ነበረብኝ። ሹክሪያ፣ በሰው ፊት ነው ያዋረድኩሽ፤ በሰው ፊት አፉ በይኝ።»

ውዴ ነጠላዋን አፏ ላይ ያዘች። ሹክሪያ እርጥብ እጇን በቀሚሷ ጠረገችና ባሏን ቀና ብላ አየችው።

«ግባ እንጂ» አለችው። «በሩ ላይ ተገትረህ ሰው በየት ይግባ?»