ሁለቱ የጭቃ ቱቦዎች

ከቢቸና ወደ ሞጣ በሚወስደው መንገድ አጠገብ አንድ ረግረግ አለ። በምሥራቁ ዳር አቶ ስጦታው፣ በምዕራቡ ዳር ፋንታ ያርሳሉ።

ተመራማሪዋ ጽጌረዳ ከአዲስ አበባ የመጣችው ጭቃውን ፈልጋ ነው፤ ረጅም ቱቦ ወደ ታች ወግታ እንደተደራረበ ታወጣዋለች። የአበባ ብናኝ ረግረግ ውስጥ ከወደቀ ለሺህ ዓመታት አይበሰብስም፤ በየዓመቱ ደለል ይደረብበታል። ከታች ያለው የጥንቱ፣ ከላይ ያለው የዘንድሮው ነው። ብናኙን በማይክሮስኮፕ ያየ ሰው አገሩ መቼ ደን፣ መቼ እርሻ እንደነበረ፣ ዝናቡ መቼ እንደጠፋ ያውቃል።

ፋንታ ዱላውን ይዞ ጠበቃት። መሬቱን ከረገጠች እግሯን እንደሚሰብረው ነገራት።

ይዟት የመጣው የሞጣው የጂኦግራፊ መምህር አብዱራዛቅ ነበር። መኪናው ውስጥ ነገሩን አስረዳት። የፋንታ ታላቅ ወንድም ውበቴ ከጠፋ ዘጠኝ ዓመቱ ነው። ሁለቱ በአባታቸው መሬት ይካሰሱ ነበር። ውበቴን በመጨረሻ ያዩት አቶ ስጦታው ሲሆኑ፣ ያዩትም ረግረጉ ዳር ከፋንታ ጋር ሲተናነቅ እንደሆነ መስክረዋል። አስከሬን ስላልተገኘ ፋንታ ታስሮ ተፈታ። አገሩ ግን ፈርዶበታል። እናቱ ስትሞት ከእድሩ ሬሳ ሊያነሳ የመጣ አልነበረም። ሚስቱ ሀብትነሽ ውኃ የምትቀዳው ሌሎቹ ሴቶች ቀድተው ከሄዱ በኋላ ነው።

ቀበሌው ሁለት ሚሊሻ መድቦ ፋንታን አስገደደው። ሕዝቡ ሊያይ ወጣ።

«የኔ ከተወጋ የሱም ይወጋ» አለ ፋንታ አቶ ስጦታውን በዱላው እየጠቆመ። «እንደ ውርስ ክፍፍል ይሁን። እሱ የኔን ቦታ ይምረጥ፣ እኔ የሱን።»

በአገሩ ደንብ ውርስ ሲካፈሉ አንዱ ይከፍላል፣ ሌላው ይመርጣል። ነገሩ ለማንም እንግዳ አልሆነም።

«ወንድሙን የበላ ስለ ውርስ ያስተምረን ጀመር» አለ ከኋላ አንዱ። ሰዉ ሳቀ።

አቶ ስጦታው ቱቦውን አዩት። ውፍረቱ ከበትር አይበልጥም። ዙሪያቸውን የቆመውንም ሕዝብ አዩና ፈቀዱ። በፋንታ መሬት ላይ ወዲያው አንድ ቦታ ጠቆሙ። ፋንታ ግን በእሳቸው በኩል እየተመላለሰ ብዙ ቆየ። ሕዝቡ ሰው አታጉላላ ብሎ ሰደበው። በመጨረሻ ዱላውን ተከለ።

«ውሰጂ ልጄ» አሏት አቶ ስጦታው። «ይህን ጭቃ ከኖኅ ውኃ ወዲህ የነካው ሰው የለም።»

ቱቦዎቹ ታሽገው አዲስ አበባ ሄዱ። በአራተኛው ወር ውጤቱ ወጣ።

አንደኛው ቱቦ እንደሚጠበቀው ነበር። ከታች ጽድና ወይራ፣ ከዚያ ደኑ እየሳሳ ገብስ፣ መሀል ላይ ረግረጉ ሊደርቅ የተቃረበበት የድርቅ ዘመን፣ ከላይ ብቻ ባሕር ዛፍ። በሌላው ቱቦ ዘመኑ ሁሉ ተደባልቋል። በሁለት ሜትር ጥልቀት፣ የጥንት ጽድ ብቻ ሊገኝበት በሚገባው ደለል ውስጥ፣ የባሕር ዛፍ ብናኝ ነበረ። ባሕር ዛፍ አገር ውስጥ ከገባ ገና መቶ ሠላሳ ዓመት ቢሆነው ነው። ጽጌረዳ ላቦራቶሪው ተሳስቶ እንደሆነ ብላ ምርመራውን ደገመችው። ለውጥ የለም። ያ ቦታ በጥልቅ ተቆፍሮ ተመልሶ ተደፍኗል።

ለምርምሯ የማይረባ ጭቃ ነበር። አብዱራዛቅ የነገራትን አስታውሳ ሪፖርቱን ለፖሊስ ሰጠች።

ወሬው ከፖሊስ ቀድሞ ደረሰ። ጭቃው መሰከረበት ተባለ። ሕዝቡ የፋንታን አጥር ነቀለ፤ የጭድ ክምሩን አቃጠለ። ሀብትነሽ በድንጋይ ግንባሯን ተፈነከተች። ፋንታ ደሟን በነጠላዋ ጫፍ እየጠረገ በሩ ላይ ተቀመጠ። የት ቀበርከው እያሉ ጮኹበት። አቶ ስጦታው መሀል ገብተው ሕግ እስኪመጣ ሰው እንዲታገሥ ለመኑ።

የፖሊስ መኪና መጣ። ኢንስፔክተር ወንደሰንና ጽጌረዳ ወረዱ፤ አራት ሰዎች አካፋ ይዘው ተከተሏቸው። ሕዝቡ ግራና ቀኝ ተከፍሎ እስከ ፋንታ በር ድረስ መንገድ ለቀቀላቸው።

ጽጌረዳ «በዚህ አይደለም» አለችና ረግረጉን አዙራ ወደ አቶ ስጦታው እርሻ፣ ፋንታ ዱላውን ተክሎበት ወደነበረው ቦታ መራቻቸው።